ደብዳቤው ለማን ነው? ለአንዲት የ4ኛ ክፍል መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጅማ ከተማ ውስጥ በአማርኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል አማርኛ መምህርት ነኝ። ክፍሌ 58 ተማሪዎች አሉት፤ ግማሽ ያህሉ ቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። የደብዳቤ ክፍሎችን ስጠይቃቸው አንድም ሳይስቱ ይዘረዝራሉ፤ ጻፉ ስላቸው ግን 58ቱም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ያመጣሉ። አንቀጽ ሲጽፉ ዓረፍተ ነገር ይደረድራሉ እንጂ አይያያዝላቸውም። ተነስተው ሲናገሩ ደግሞ ወይ ያጠኑትን ያነበንባሉ ወይ ጭራሽ ዝም ይላሉ። አንዱ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ ቆሞ ተናግሮ አያውቅም። የትኛውን አስቀድሜ፣ የትኛውን አስከትዬ ላስተምር? ባለኝ 40 ደቂቃስ እንዴት ይዳረሳል?»

መምህርት፣ የትኛው ይቅደም የሚለውን ይተዉት፤ ሦስቱ አንድ ትምህርት ናቸው። መጽሐፉ ለየብቻቸው ገጽ ስለሰጣቸው ሦስት ይመስላሉ። ልጅ ለሰው የሚነግረው ነገር ሲኖረው ይናገራል። ያ ሰው ሩቅ ከሆነ ይጽፍለታል። የሚጽፈው ሲበዛ ደግሞ ወሬውን እየለየ በአንቀጽ ያስቀምጠዋል። የእርስዎ ተማሪዎች የደብዳቤ ክፍሎችን እንደነገሩኝ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የሌላቸው ደብዳቤውን የሚቀበል ሰው ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ሰሌዳው ላይ አንድ ያማረ ደብዳቤ ጻፍኩ። አዲስ አበባ ላለ አጎት ነው፤ «ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ፣ እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ» የሚለው የሁላችንም ደብዳቤ። ልጆቹ ገለበጡት። በማግስቱ «አሁን ደግሞ የራሳችሁን ጻፉ» አልኩና ስልሳ ያህል ወረቀት ሰበሰብኩ፤ ሁሉም አዲስ አበባ ላለ አጎት የተጻፈ። አንዱን ልጅ ጠርቼ «አጎትህ አዲስ አበባ ምን ይሠራል?» አልኩት። «አጎት የለኝም» አለኝ። «ታዲያ ለማን ነው የጻፍከው?» ስለው ግራ ተጋብቶ አየኝና «ለቲቸር» አለ። እውነቱን ነው። ደብዳቤው የተጻፈው ለእኔ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስለ አጎቱ ምንም ማወቅ አልፈልግም ነበር፤ ማወቅ የፈለግሁት ቀኑን በየት በኩል እንደጻፈው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የቤት ሥራ ሰው መምረጥ ይሁን። ሰውየው በእውነት ያለ፣ ልጁ በስም የሚያውቀው፣ እዚያው ቤት የማይኖር፣ ደብዳቤው ሊደርሰው የሚችል መሆን አለበት። ጅማ ለዚህ አታስቸግርም። አጋሮ ወይም ሊሙ ወይም ሰቃ ዘመድ የሌለው ልጅ ከስንት አንድ ነው፤ እሱም ቢሆን አምና ሌላ ትምህርት ቤት የሄደ ጓደኛ አያጣም። ፖስታ ቤቱን ማሳየት ጥሩ ነው፤ ቴምብርና ማኅተም ማየት ልጆችን ያስደስታል። ነገር ግን አገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚላከው ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ ወደ ቤት አይደለም፤ የአያት ቤት ሣጥን ቁጥር ከሌለው መንገዱ የታወቀው ነው፦ ሰው ሲሄድ በእጅ መላክ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታን ቢያቋቁሙም፣ አገራችን በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ብትሆንም፣ ያገሬው ሰው ደብዳቤ ለረጅም ዘመን የተጓዘው በመንገደኛ ኪስ ነው። «ይድረስ ለ…» ብለን የምንጀምረውን ለልጆቹ ሳስተምር ይህንን እነግራቸዋለሁ፤ ቃሉ ራሱ ምኞት ነው፤ መንገደኛው ያድርሰው ማለት ነው። ይህን ከነገርኳቸው በኋላ «ይድረስ»ን የሚረሳ ልጅ አላጋጠመኝም።

ሰው ከተመረጠ በኋላ እርሳስ አያስይዟቸው። መጀመሪያ አፍ ይሥራ። 58 ልጆች 29 ጥንድ ናቸው። አንዱ ለጓደኛው ስለዚያ ሰውና ሊነግረው ስለሚፈልገው ነገር 3 ደቂቃ ያውራ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። በ6 ደቂቃ ውስጥ ክፍሉ ሁሉ ተናገረ ማለት ነው። እያንዳንዱን ሰሌዳ ፊት አቁመው 2 ደቂቃ ቢሰጡት ኖሮ 116 ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት ክፍለ ጊዜ ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረው። ጫጫታው ጎረቤት ክፍል ይሰማል፤ ይሰማ። ኦሮምኛ የሚቀናው ልጅ መጀመሪያ በኦሮምኛ ያውራ፤ አይከልክሉት። «ጠለያ» ብሎ ያሰበውን ነው «ደብዳቤ» ብሎ የሚጽፈው፤ ሐሳቡ በአንዱ ቋንቋ ከተደራጀ ወደ ሌላው መሻገሩ ቃል መፈለግ ብቻ ይሆናል።

የሚያዳምጠው ልጅም ሥራ አለው። ዝም ብሎ መስማት ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ጊዜ መጠየቅ አለበት። «ከዚያስ?» እና «እንዴት?» ይበቃሉ። የእነዚህን ሁለት ቃላት ጉልበት ለማየት አንድ ምሳሌ ላምጣ። አንዲት ልጅ ለአያቷ መጀመሪያ የጻፈችው ይህ ነበር፦

«ይድረስ ለአያቴ። እንደምን ናችሁ። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት። ትምህርት ጥሩ ነው። ዶሮዋም ደህና ናት። ሰላም ሁኑ።»

ሁሉም ደህና ነው። ደብዳቤ ክፍሉን አሟልቶ እንዲህ ባዶ ሊሆን ይችላል። ጓደኛዋ ግን «የቷ ዶሮ?» ብላ ጠየቀቻት። ዶሮዋ ለካ አያቷ ራሳቸው የላኩላት ናት። ሁለተኛው ደብዳቤ እንዲህ መጣ፦

«ይድረስ ለውድ አያቴ። እንደምን ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የላኩልኝ ዶሮ እንቁላል ጀምራለች። ግን የምትጥለው ጎረቤት ቤት ገብታ ነው። እማዬ እየሄደች ታመጣለች፤ ጎረቤታችን ግን አንዳንዴ የለም ይላሉ። ምን እናድርጋት?»

መምህርት፣ ይህች ልጅ የወዳጅነት ደብዳቤ አጻጻፍን ጨርሳለች። ጥያቄ ጠይቃለች፤ ስለዚህ መልስ ትጠብቃለች። አያቷ ማንበብ ባይችሉም የሚያነብላቸው ሰው አይጠፋም፤ መልሱ በስልክ ቢመጣም ያው መልስ ነው። በነገራችን ላይ በሁለተኛው ደብዳቤ የፊደል ግድፈቶች ነበሩ፤ እዚህ አስተካክዬ ነው የጻፍኩት። ያን ቀን ግን አንዱንም አላረምኩላትም።

ያረምኩላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ «ናችሁ» ያለችውን። የእርስዎም ክፍል ውስጥ በብዛት እንደሚታይ አልጠራጠርም። ኦሮምኛ ለብዙ ሰውም ለአክብሮትም የሚጠቀመው «ኢሲን»ን ነው፤ ልጁ ሲያሻግረው «እናንተ» ይሆናል። አያቱን ያከበረ መስሎት አንዷን አያት ብዙ ያደርጋቸዋል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የአክብሮት ስሜቱ አለ፣ ቅርጹ ብቻ ነው የተለወጠው፤ ስለዚህ እንደ ጥፋት አይቁጠሩበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥተው በአፍ ያዟዙሩት፦ ለጓደኛ «መጽሐፉን አምጣልኝ»፣ ለእህት «አምጪልኝ»፣ ለአያት «ያምጡልኝ»። አንዱ አያት፣ አንዱ ርዕሰ መምህር፣ አንዷ ታናሽ እህት ሆነው ቢጫወቱት ይበልጥ ይይዛሉ። ግን ደግሞ አያካሩት። እናቱን ቤት ውስጥ «አንቺ» የሚላት ልጅ በደብዳቤ «እርስዎ» ቢላት እናትየው ምን አጠፋሁ ብላ ትደነግጣለች። መመሪያው ቀላል ነው፤ ፊት ለፊት እንደምትጠራው ጻፍለት። ሰላምታውም እንደዚያው ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚልም «አልሐምዱሊላህ» የሚልም በየቤቱ እንደሚባለው ይጻፍ። ሰሌዳ ላይ አንዱን ብቻ ጽፎ ሁሉም እንዲገለብጠው ማድረግ ደብዳቤውን ከልጁ መንጠቅ ነው።

የማመልከቻ ደብዳቤን በአንድ ሳምንት ይጨርሱት። የሚለየው በጥቂት ነገር ነው፦ የሚጻፍለት ሰው በሥራ ድርሻው ይጠራል፣ «ጉዳዩ፦» ተብሎ በአንድ መስመር ይነገራል፣ መጨረሻው ላይ «ከሰላምታ ጋር» ይመጣል፣ ስምና ፊርማ ይከተላል። ልጆቹ በእውነት የሚፈልጉትን ነገር ይጠይቁ፤ የቧንቧው ውኃ፣ የተሰበረው ዴስክ፣ የኳስ ሜዳው። ርዕሰ መምህሩን አስቀድመው ያነጋግሯቸውና አንዱን ደብዳቤ መርጠው እውነተኛ መልስ ይጻፉላቸው፤ «አይቻልም» ቢሉም መልስ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የምትለዋን አያስተምሯቸው። ማመልከቻ ጸሐፊዎቻችን ስንት ወረቀት በእሷ ሞልተዋል። ልጁ ርዕሱን ጽፏል፤ መሞከሩን መናገር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ አንቀጽ። ለአንቀጽ አዲስ ርዕስ ፍለጋ አይሂዱ፤ ደብዳቤው ውስጥ አለ። የዶሮዋ ወሬ አንድ አንቀጽ ነው፤ የትምህርቱ ወሬ ሌላ። «ወሬው ሲቀየር መስመር ቀይር፣ ትንሽም ገባ አድርገህ ጀምር» ከተባለ የ4ኛ ክፍል ልጅ ስለ አንቀጽ አሐድነት (አንድ አንቀጽ ስለ አንድ ነገር ብቻ ስለመሆኑ) ከዚህ በላይ መስማት የለበትም። መያያዙ ነው ከባዱ፤ እርስዎም የጠየቁት እሱን ነው። እዚህ ላይ እኛ መምህራን አንድ የተለመደ ስህተት አለን። ልጁ እንዲህ ይጽፋል፦

«እናቴ ቡና ታጥባለች። እናቴ ቡና ትቆላለች። እናቴ ቡና ትወቅጣለች። እናቴ ቡና ታፈላለች።»

እኛ ደግሞ የአያያዥ ቃላት ዝርዝር እንለጥፍለታለን። ልጁም ታዝዞ «በመጀመሪያ እናቴ ቡና ታጥባለች። በመቀጠል እናቴ ቡና ትቆላለች። ከዚያ በኋላ እናቴ ቡና ትወቅጣለች። በመጨረሻ…» ይላል። ያው ዝርዝር ነው፤ ቆብ ደፋ እንጂ አልተያያዘም። ይህ ልጅ ግን ሰፈር ውስጥ ሲያወራ እንዲህ አይልም። «አጥባ፣ ቆልታ፣ ወቅጣ» ነው የሚለው። አማርኛ ድርጊትን ከድርጊት የሚያያይዝበት የራሱ ገመድ አለው፤ ሰዋስው የሚያውቁት ቦዝ አንቀጽ የሚሉት ነው። ኦሮምኛም ይህንኑ የሚመስል ማያያዣ ስላለው ኦሮምኛ ተናጋሪው ልጅ አይቸገርበትም። እንግዲህ የአያያዦቹን ሰንጠረዥ ትንሽ ያቆዩትና «ለእኔ አውራልኝ፣ ሳትቆም አውራልኝ» ይበሉት። ያወራውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉለት፦

«እናቴ ቡናውን አጥባ፣ ቆልታ፣ ወቅጣ ጀበና ውስጥ ትጨምረዋለች። እስኪፈላ ድረስ እኔ ስኒ አጥባለሁ። አቦሉ ሊቀዳ ሲል ጎረቤት እንድጠራ ትልከኛለች፤ በረካው ሳይደርስ ግን እኔ ተኝቻለሁ።»

«እስኪ»፣ «ሲ»፣ «ሳይ» ግሱ ራሱ ላይ ተለጥፈው ጊዜውን ያያይዙታል። ልጁ ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ ደብተር ላይ ሊጻፉ እንደሚችሉ ነው የማያውቀው። «በመጀመሪያ» እና «በመጨረሻ» መጥፎ ናቸው አልልም፤ ረጅም ነገር ሲሆን ይጠቅማሉ። ለአራት ዓረፍተ ነገር ግን አራት መሰላል አያስፈልግም።

አንድን ነገር በቃል የሚስለውን ስዕላዊ አንቀጽን ለማስተማር ደግሞ አንድ በርጩማ ይዘው ይግቡ። እዚሁ ጅማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራውን ባለ ሦስት እግር ማለቴ ነው፤ ከጎረቤት መዋስ ይቻላል። ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና አንዱን ተማሪ ጀርባውን እንዲሰጠው አድርገው ወረቀትና እርሳስ ያስይዙት። ሌላው በርጩማውን እያየ ይንገረው፣ ያኛው እየሰማ ይሳል። መጀመሪያ ላይ ተናጋሪው ምን እንደሚል ልንገርዎ፦ «እግር አለው። ቡናማ ነው። ቆንጆ ነው። እግሩ ሦስት ነው። ከላይ ጎድጎድ ይላል። ዋጋው ውድ ነው።» የሚስለው ልጅ የሸረሪት ዘመድ የመሰለ ነገር ያወጣል፤ ክፍሉ ይስቃል። ከሳቁ በኋላ ጥያቄው፦ «ከየት ብንጀምር ይሻለው ነበር?» ራሳቸው ይደርሱበታል። ከላይ ከተጀመረ እስከ ታች ይኬዳል፣ ከሩቅ ከተጀመረ ወደ ቅርብ ይመጣል፤ ዓይን መንገድ ከያዘ መዝለል የለበትም። ዋጋው ደግሞ አይሳልም፤ «ቆንጆ»ም አይሳልም። «ቆንጆ» ሊሳል የማይችል ቃል መሆኑን አንድ ልጅ በራሱ ካገኘው የሦስት ክፍለ ጊዜ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ከዚያ ሁለተኛ ጥንድ ይውጣ፤ ሥዕሉን ያወዳድሩ፤ በመጨረሻ የተነገረውን ይጻፉት።

ኃይለ ቃሉን፣ ማለትም የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዘውን ዓረፍተ ነገር በተመለከተ መጽሐፎቻችን ብዙ ጊዜ ከፊት አስቀምጡ ይላሉ። ለጀማሪ ምቹ ስለሆነ እኔም እንደዚያው አስተምራለሁ፤ ግን እንደ ሕግ አልነግራቸውም። ሽማግሌ ሲያወራ ያዳመጠ ልጅ ዋናው ነገር ከሩቅ ተነስቶ መጨረሻ ላይ ሲያርፍ ሰምቷል፤ አማርኛችን ግሱን እንኳ መጨረሻ ነው የሚያስቀምጠው። ከፊትም ይምጣ ከኋላ ፈተናው አንድ ነው፦ አድማጩ «ለምን?» ወይም «እንዴት?» እንዲል ያደርገዋል ወይ? «በርጩማ ጠቃሚ ነው» ተብሎ ማንም አይጠይቅም። «የአያቴ በርጩማ ላይ ከእሳቸው በቀር ማንም አይቀመጥም» ሲባል ግን ሁሉም ይጠይቃል፤ አንቀጹም መልሱ ይሆናል። እግረ መንገዱን የምክንያትና ውጤት አንቀጽ ተማሩ ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚታረም አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ልጆች ሁሉን በ«ምክንያቱም» ያስራሉ። «አረፈድኩ። ምክንያቱም ዝናብ ዘነበ።» ይህ ለተጠየቀ ሰው መልስ ነው። ይቅርታ የሚጠይቅ ልጅ ግን «ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መንገዱ ጨቅይቶ አረፈድኩ» ይላል፤ ምክንያቱን ያስቀድማል። የጅማ ክረምት ምሳሌ አያሳጣዎትም። ማወዳደርን ለ5ኛ ክፍል ቢያቆዩት ምንም አይጎድልም፤ «ከ… ይልቅ» የሚለውን ለመልመድ ከሆነ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

መናገሩ ላይ ስንመጣ፣ ማነብነብ የሚመጣው ልጁ የማይገባውን ወይም የማይመለከተውን ነገር ስለሚናገር ነው። ስለ ዶሮዋ ያነበነበች ልጅ የለችም። ስለዚህ ቆመው የሚያነቡት የራሳቸውን ደብዳቤ ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ድምፃቸውን የሚያፍታታ ትንሽ ጨዋታ በየቀኑ 5 ደቂቃ ይስጡ። እኔ የምወደው ይህን ነው። ሰሌዳው ላይ «ጀበናው ተሰበረ» ብለው ይጻፉ። አንዱ ያዘነ ሆኖ ይበለው። አንዱ የሰበረው እሱ ሆኖ እየፈራ። አንዷ «ነግሬህ ነበር» በሚል ቁጣ። አንዱ ደግሞ አዲስ ጀበና ሊገዛ ነውና ደስ ብሎት። ክፍሉ ስሜቱን ይገምት። በመጨረሻ «ጀበናው ተሰበረ?» ብለው በጥያቄ ያስነሱት፤ ቃሉ ሳይለወጥ ድምፅ ብቻ ከፍ ሲል ነገሩ ሁሉ እንደሚቀየር ያያሉ። ያኔ የጥያቄ ምልክትና ቃለ አጋኖ ለምን እንደተፈጠሩ ማብራራት አያስፈልግም። ነጠላ ሰረዝ ትንሽ ትንፋሽ፣ ድርብ ሰረዝ ከእሷ ጠንከር ያለ፣ አራት ነጥብ ሙሉ ዕረፍት ነው ይበሏቸውና በጭብጨባ ያለማምዷቸው።

ሁለተኛው ጨዋታ የማጥበቅና የማላላት ነው። «ልጁ ይመታል» ብለው ይጻፉና አንብቡ ይበሉ። ግማሹ አላልቶ ያነባል፤ ልጁ ሌላውን ሊመታ ነው። ግማሹ አጥብቆ ያነባል፤ ልጁ በሌላ ሊመታ ነው፣ ምስኪን። ማን ማንን እንደሚመታ ሳይታወቅ ክፍሉ ይከራከራል። «ገና» ብለው ይቀጥሉ፤ ላልቶ «ገና አልመጣም» ነው፣ ጠብቆ በዓሉ ነው። «አለ»፣ «ዋና» እያሉ መቀጠል ይቻላል። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፍም፤ አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ መረዳት አለበት፤ ለዚህ ነው ሳይገባው የሚያነብ ልጅ የሚያሳስተው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ልጆች እዚህ ላይ የሚያበሩበት አጋጣሚ አለ። ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ የጠበቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ ማጥበቅን ከሌሎቹ ቀድመው ነው የሚያስተውሉት። አንዱን «ቁቤ ቢሆን እንዴት ትጽፈው ነበር?» ብለው ሰሌዳ ፊት ያውጡት። አማርኛ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ስህተቱ ሲታረምለት የኖረ ልጅ ያን ቀን አስተማሪ ይሆናል።

ስለ እርማት እንዳልረሳ። 58 ደብተር እያንዳንዱን 3 ደቂቃ ቢሰጡት ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል፤ ይህን በየሳምንቱ የሚችል መምህር የለም፤ ይችላል ቢባልም በቀይ የተሞላ ገጽ የሚያነብ ልጅ የለም። በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ያርሙ፤ ይህ ሳምንት የአክብሮት ግስ፣ የሚቀጥለው አራት ነጥብ፣ ከዚያ የአንቀጹ አጀማመር። ምን እንደሚታረም ሰኞ ይንገሯቸው፤ ያኔ እርስ በርስ መተራረም ይችላሉ። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» እና «ሰ፣ ሠ» ላይ ጦርነት አይክፈቱ። ጋዜጦቻችንም ያልተስማሙበትን ለ10 ዓመት ልጅ የነጥብ መቀነሻ ማድረግ ደግ አይደለም። «ሠ»ን በአግባቡ የጻፈ ልጅ ካለ ግን ያመስግኑት።

ስለዚያ ዝም ስለሚለው ልጅ የምለው ጥቂት ነው። አያቁሙት። ለብቻውም አያስቀሩት፤ ያ ቅጣት ይመስለዋል። መጀመሪያ በጥንዱ ያውራ፤ ጆሮዎን ሳያስመስሉ ጣል አድርገው ይስሙት፤ ምናልባት ለጓደኛው ሳያቆም ያወራ ይሆናል። ከዚያ እንቆቅልሽ ይሞክሩ። «እንቆቅልህ» ሲል ክፍሉ ሁሉ «ምን አውቅልህ» ይለዋል፤ አንድ ቃል ተናግሮ 57 ሰው ሲመልስለት ድፍረት ይሰጣል። ኦሮምኛ የሚቀናው ከሆነ «ሂቦ» ብሎ ይጀምር፤ እንቆቅልሹን ከአያቱ ያውቀዋል። ቀጥሎ የራሱን ሳይሆን የጓደኛውን ደብዳቤ ተቀምጦ ያንብብ፤ የሌላ ሰው ቃል ሲሆን የሚያፍርበት ነገር ይቀንሳል። ጓደኛው ደግሞ የእሱን ያንብብለት። መቆሙ መቼ እንደሚመጣ አልነግርዎትም፤ እኔ ዘንድ አንዱ እስከ ሰኔ ድረስ ተቀምጦ ነው ያነበበው፤ አነባበቡ ግን ክፍሉን ጸጥ ያሰኝ ነበር። የመናገር ውጤቱን ሞልቼ ነው የሰጠሁት፤ ሮስተር ሲሞላ «ቆሞ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።